ከዳዋ ማዶ የመጣው ወጠጤ

ጎሊቻን ሰው ሲያማው ወፍጮዬን አቁሜ እጣላለሁ። ገበያተኛው ሁሉ ያውቀኛል፤ «አባ ወፍጮ ደሞ ተነሳበት» ይሉና ዱቄታቸውን አዝለው ይሄዳሉ። ይሂዱ። ኤል ዲማ መንደር ላይ በቆሏቸውን ስፈጭ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ፤ ጓደኛዬ ባላጠፋው ሲቦጨቅ ቁጭ ብዬ የማዳምጥበት ምክንያት የለኝም። ጥፋት የለበትም አላልኩም። አለበት፣ ያውም ከባድ። ግን ሰዎቹ የሚያሙት በሌላ ነው፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። እስካሁን አፌን የያዘኝ የመንደራችን ሽማግሌ ጃርሶ ነበር። ጃርሶ አምና በበጋው አረፈ፤ ከእንግዲህ እናገራለሁ። ጎሊቻ ይቆጣ እንደሆነ ይቆጣ።

ጎሊቻ ሞራ ገላጭ ነው። እንዲህ ሲባል ከሰው ተለይቶ፣ ፀጉሩን አንጨባሮ የሚኖር ሰው የመሰለው ካለ ተሳስቷል። ከብት አርቢ ነው። ወጣት ሳለ ከጥልቁ ጉድጓድ ውሃ ከሚያወጡት ጋር ከታች ቆሞ ባልዲ ሲያቀብል ስለኖረ ቀኝ ትከሻው ከግራው ከፍ ብሎ ቀርቷል፤ ጋቢውን ሲደርብ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይንሸራተትበታል። ሞራ ማየት የተማረው ከአጎቱ ነው። ፍየል በታረደ ቁጥር አጎቱ ይጠራውና አንጀቱን የሸፈነውን ስስ ስብ ወደ ፀሐይ አንስቶ ያስይዘዋል፤ «ምን ይታይሃል?» ይለዋል። «ደም ስር» ሲል ኩርኩም። «ወንዝ» ሲል ደግሞ ኩርኩም። ጎሊቻ ይህን ሲያወራኝ እስካሁን አናቱን ያሻል። አጎትየው ሲሞት ግን መንደሩ ሌላ ሰው አልፈለገም፤ ፍየሉ ለጎሊቻ ይቀርብ ጀመር።

ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። አንድ ወንድ ልጁ ጂሎ ጉድጓድ ሲጠርግ አፈር ተንዶበት ቀረ። ሰው እዚህ የሚጠራው በበኩር ልጁ ነውና ጂሎ ከሞተም በኋላ ሽማግሌውን አባ ጂሎ ይሉታል። የጂሎ ሚስት ሎኮ ከልጆቿ ጋር እዚያው ከአማቷ አጠገብ ነው የኖረችው። የምታልብለት እሷ፣ ገንፎውን የምታገነፋለት እሷ፣ ጋቢውን የምታጥብለት እሷ ነበረች። ሎኮ ቀጠን ያለች፣ ምላሷ የሰላ ሴት ናት፤ ከአማቷ ፊት ግን አንገቷን ሰበር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው። ላሞቹ የጂሎ ነበሩ፤ አሁን የልጆቹ ናቸው። ስታልባቸው ትሰድባቸዋለች፤ አንዷን «ዛሬም እንደ አክስቴ ኮራሽ?» ስትላት በጆሮዬ ሰምቼ ስቄያለሁ። ላሟም ወተቷን ለቀቀች።

ጎሊቻ ከቤቱ ሲወጣ የሚመጣው ወደ ወፍጮዬ ነው። ሚስቴ ለሚስቱ ዘመድ ስለነበረች አማች ነው የሚለኝ። ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፤ በቆሎ የያዘ ሁሉ ሲያልፍ «አባ ጂሎ፣ ዝናብ አለ ወይ?» ይለዋል። እሱም «እኔ የማየው የታረደውን ነው፤ አንተ ገና አልታረድክም» ይላል።

ይህ ነገር የሆነበት በልግ የመጣው ሁለት በልግ አከታትሎ ከከሸፈ በኋላ ነው። መጋቢት ሲገባ ሰው ሁሉ ትንበያ ነጋሪ ሆነ። የኔ ወፍጮ ቤት ደግሞ የትንበያ ገበያ ነው። አንዱ የግራር አበባ አይቶ ይመጣል። ሌላው ንፋሱ ከባሕሩ ወገን ዞሯል ይላል። ኮከብ የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች ጨረቃዋ ከኮከቧ ጋር ዘግይታ ነው የተገናኘችው ብለው ፊታቸውን አጨፈገጉ። ከሞያሌ ስልክ ይደወላል፣ «እዚህ ደመና አለ፣ እናንተስ ጋ?» ይባላል፣ እኛም ወጥተን ሰማይ እናያለን፤ ሰማዩ እንደ ተጠረገ ምጣድ ነው። ከእኔም ትንበያ የሚፈልግ አልጠፋም። ጉልበቴን ያመኛል ስላቸው ደስ አላቸው፤ ጉልበቴ ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ ሲያመኝ እንደኖረ ግን አልጠየቁኝም።

ሬዲዮኑ ጠዋት ጠዋት «በአንዳንድ ቦታዎች ዝናብ ሊኖር ይችላል» ይላል። አንዳንድ ቦታ የሚባለው አገር የት እንደሆነ ባውቅ ወፍጮዬን ነቅዬ እዚያ እተክል ነበር። አንድ ቀን ደግሞ የወረዳው ባለሙያ በሞተር ብስክሌት አቧራ ለብሶ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ግራሩ ስር ሰብስቦን ወረቀቱን አነበበ፦ ዝናቡ መደበኛ የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል፣ ከመደበኛ በላይም የመሆን ትንሽ ዕድል አለው። ጃርሶ በትህትና እጁን አነሳና፣ ሦስቱንም ካልክማ ያልተናገርከው ምን ቀረ ብሎ ጠየቀው። ልጁም ፈገግ አለ፤ ከመደበኛ በታች ወደሚለው ነው የሚያመዝነው፣ እኔ ብሆን ከብቴን ከዚህ አነሳ ነበር አለ። ይህን የመጨረሻውን ቃል ሰው ልብ ያለው አልመሰለኝም። እኔ ሰምቻለሁ። ሎኮም ሰምታለች።

ጃርሶ የመንደሩ አባት ነበር። ቁመቱ፣ አነጋገሩ፣ አቀማመጡ ለዚያ የተፈጠረ ሰው ነበር። በደጉ ዘመን ላም ለሞተበት ላም እየሰጠ፣ ወተት ላጣ ቤት ጮጮ ሙሉ ወተት እየላከ የኖረ ነው። ቸገረኝ ብሎ የሰው ደጅ ቆሞ አያውቅም። የመንደሩን ጥያቄ ለሽማግሌዎቹ ያቀረበውም እሱ ነው። ወደ አሬሮ ወገን ሳር አለ፤ ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ መሃል ላይ ውሃ የለም፣ ከብቱ ከስቷል፤ ከተነሳ ደካማው መንገድ ላይ ይቀራል። ዝናቡ ቅርብ ከሆነ መቆየት ይሻላል። ዝናብ ከሌለ ደግሞ ዛሬውኑ መነሳት ነው፤ ትንሽ ከዘገየ ከብቱ መቆም ያቅተዋል። ነገሩ ይኸው ብቻ ነው፣ መሄድ ወይም መቅረት። ፍየል ይታረድ፣ ጎሊቻ ሞራውን ይይ ተባለ።

በማግስቱ ሎኮ ወፍጮ ቤት መጣች። ጎሊቻ እንደ ወትሮው ግድግዳው ጋ ነበር።

«አባቴ፣ እኔ ላሞቹን ይዤ ልነሳ» አለችው። «ወንድሜ አብሮኝ ይነዳል።»

«ሞራው ሳይታይ?»

«ሞራው እስኪታይ ላሞቹ መቆም ያቅታቸዋል። ያ ልጅ ያለውን አልሰሙም? እኔ ብሆን አነሳ ነበር አለኮ።»

«ያ ልጅ ላም የለውም» አለ ጎሊቻ። «ትንሽ ታገሺ። ከመንደሩ ተነጥለሽ ነድተሽ መንገድ ላይ አንዷ ብትወድቅ ማን ያነሳልሻል? ዝናብ ከሌለ የለም እላለሁ፣ ሁላችንም አብረን እንነሳለን።»

ሎኮ ወደ እኔ አየች፤ አንድ ነገር እንድልላት ነበር። እኔ የወፍጮውን ቀበቶ አጠብቅ ነበር። «እርስዎ ካሉ እሺ» ብላ ሄደች።

አሁን ስለ ፍየሉ ልናገር። ለሞራ የሚታረድ እንስሳ እዚያው መንደር የተወለደ መሆን አለበት። ሞራው የሚናገረው እንስሳው የተወለደበትን አገር ነገር ነው፤ የገበያ ፍየል አርዶ የራስን ዝናብ መጠየቅ የጎረቤትን ሕልም እንደ መፍታት ነው ይላሉ። እኔ በሞራ አላምንም፣ ጎሊቻም አለማመኔን ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ሰው በሥራው ውስጥ ያለውን ሕግ ማክበር እንዳለበት አምናለሁ። ለዚህም ሲሉ ከመታረዱ በፊት ባለ ፍየሉ ሰው ፊት ይጠየቃል፣ ይመልሳል።

ፍየል የማቅረብ ተራው የጃርሶ ነበር። የጃርሶ ፍየሎች ግን በዚያ በጋ አልቀውበታል። ደጁ ላይ የቆሙት በዚያው ጥር የእርዳታ ድርጅት በመኪና አምጥቶ ያደላቸው ነበሩ፤ ከዳዋ ወንዝ ማዶ ተገዝተው የመጡ፣ ጆሯቸው ላይ ቢጫ ፕላስቲክ የተሰካባቸው። ጃርሶ ለመቀበል እንኳ ራሱ አልሄደም፣ ሚስቱን ነበር የላከው። ሎኮም ያን ቀን ተሰልፋ ነበርና አይታታለች። ታዲያ የእርዱ ቀን ጠዋት ጃርሶ ከነዚያ መሃል አንዱን ወጠጤ መረጠ፤ ፕላስቲኩን በቢላዋ ቆርጦ ጣለና እየጎተተ መጣ። የጎረቤት ፍየል መለመን ይችል ነበር። «በደጄ የተወለደ አንድ ፍየል አልቀረልኝም» ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ለሌላው ሰው ቀላል ነገር ነው። ለጃርሶ ግን ሞት ነበር።

ወንዶቹ ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ እኔ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ነበርኩ። ጎሊቻ የወጠጤውን ጆሮ ይዞ አንገቱን አዞረ። ጣቱ ፕላስቲኩ በተወው ቀዳዳ ውስጥ ሾልኮ ገባ። ይህን ያኔ አላየሁም፤ በኋላ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ቀና ብሎ ጃርሶን አየው።

«በደጅህ የተወለደ ነው?»

«በደጄ የተወለደ ነው» አለ ጃርሶ።

«ከጉድጓዳችን የጠጣ ነው?»

«ከጉድጓዳችን የጠጣ ነው።»

ጎሊቻ ቢላዋውን ማገላበጡን አስታውሳለሁ። ደግሞ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ሁለተኛ መጠየቅ ግን ሰው ፊት ዋሽተሃል ማለት ነው፤ ዋሽተሃል ማለት ደግሞ ለምነሃል፣ የድርጅት ፍየል ተቀብለሃል፣ ደኽይተሃል ማለት ነው። አልጠየቀም። አረደ።

ሞራውን ወደ ፀሐይ ሲያነሳው ፊቱ በራ። ከዚያ በኋላ እንደነገረኝ እንደዚያ ያማረ ሞራ በዕድሜው አይቶ አያውቅም፤ ውሃው ሞልቶ ዳር ዳሩን ይገነፍላል፣ ሳሩ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ሽማግሌዎቹም እየተቀባበሉ አዩት። ጎሊቻ «ዝናብ አለ። ቅርብ ነው፣ ብዙም ነው» አለ። ውሸት አልተናገረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ለማን እንደሆነ ብቻ አላለም። ሰዎቹ ተመራርቀው ተነሱ። ሎኮ ከሴቶቹ መሃል ሆና የወጠጤውን ጭንቅላት ስታይ አይቻታለሁ፤ ግን ሞራ በሚታይበት ቦታ ሴት አትናገርም። ላሞቹ ቀሩ። የመንደሩ ከብት በሙሉ ቀረ።

ዝናቡም መጣ። ከዳዋ ማዶ። ከዚያ ወገን የሚመጡት የጭነት መኪኖች ጎማቸው ጭቃ ለብሶ ይደርሱ ጀመር። እኛ ጭቃ ከረሳን ቆይተናል፣ ልጆች ጎማውን ሊነኩ ይሮጡ ነበር። ሾፌሮቹ ወንዙ ሞልቶ ዳር ላይ እንዳደሩ፣ ፍየሉ ሁሉ ሆዱ እንደተነፋ እያወሩ ሻይ ይጠጣሉ። ሬዲዮኑም በአንዳንድ ቦታዎች ከባድ ዝናብ ጥሏል አለ፤ አንዳንድ ቦታ በመጨረሻ የት እንደሆነ ታወቀ። እኔ አጋጣሚ ነው እላለሁ፤ ዝናብ አንዱን ትቶ ሌላውን ሲመታ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ይህንን እያልኩም ጠጉሬ ይቆማል።

እኛ ጋ ደመናው ከሰዓት በኋላ ይከመራል፣ ይጠቁራል፣ ሴቶች ዕቃቸውን ያስገባሉ፣ ከዚያ ንፋስ ይመጣና ይጠርገዋል። እንዲህ እያለ ሚያዝያ አለቀ። አሁን መነሳት ቢፈለግም የሚነሳ ከብት የለም። ጠዋት ጠዋት የመንደሩ ሥራ ከብት ማቆም ሆነ፤ አንዱ ጭራ ይይዛል፣ አንዱ ቀንድ፣ አንዱ በሆዷ ስር እንጨት ያስገባል። መጀመሪያ ላይ ጎረቤት ለጎረቤት ይረዳዳ ነበር። በኋላ ሁሉም የራሱን ሲያነሳ ሎኮ ብቻዋን ቀረች። ጎሊቻ በዚያ በተዛነፈ ትከሻው ያግዛታል፤ ምን ሊያግዝ። እኔም ሄጄ ነበር። ያቺን «እንደ አክስቴ ኮራሽ» የምትላትን ላም ስናነሳ ሎኮ አልሰደበቻትም፤ ግንባሯን በላሟ ግንባር ላይ አስደግፋ ቆመች። ላሟ እጃችን ላይ ወደቀች። ሌሎቹም ተከተሏት፣ አንዲትም አልቀረችላት። ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ያጥለቀለቀ ዝናብ ጣለብንና አጥንታቸውን አጠበው። እንዲያ ያለውን ዝናብ ሰድቤዋለሁ፣ አልጸጸትም።

ከዚያ ወዲያ ነው ሐሜቱ የጀመረው። በፊት ሰላም ሲሉት ከብቱንም፣ ልጆቹንም፣ ሳሩንም ይጠይቁት የነበሩ ሰዎች እጅ ብቻ ነስተው ያልፉት ጀመር። ወፍጮ ቤት ውስጥ አንዱ ጎረምሳ «አባ ጂሎ፣ ዛሬስ ምን ይላል? ጃንጥላ ልግዛ?» ብሎት ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎሊቻም ሳቀ። እኔ ልጁን ከነበቆሎው አስወጣሁት። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ደግሞ ከእንግዲህ ሞራ የሚታይ ከሆነ ከሌላ መንደር ሰው ይጠራ ብለው ተስማሙ። በዚያ ጉባኤ ላይ ጃርሶ ተቀምጦ ነበር። ተነስቶ ተናገረ፤ ሰው ይሳሳታል፣ አባ ጂሎ አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል፣ እኛ ይቅር ብለነዋል፣ ማንም ክፉ እንዳይናገረው አለ። ሰውም የጃርሶን ደግነት አደነቀ። ጎሊቻ ከተቀመጠበት ሆኖ አመስግኗል።

ከጉባኤው ቀጥታ ወደኔ መጣ። ግድግዳው ጋ ተቀምጦ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ምን ሆንክ ስለው «ጃርሶ ይቅር አለኝ» አለና ስለ ጣቱና ስለ ቀዳዳው ነገረኝ። ወፍጮው እየሠራ ነበር፤ አጠፋሁት። ያን ያህል የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሄጄ ጉባኤው ሳይበተን እናገራለሁ ብዬ ተነሳሁ፣ ጋቢዬን ያዘ።

«ብትናገር የሎኮ ላሞች ይነሳሉ?»

«የአንተ ስም ይነሳል።»

«የኔ ስም ምን ያደርግላቸዋል። አሁን የተሳሳተ ሞራ ገላጭ አላቸው፤ ሌላ ፈልገው ያገኛሉ። ብትናገር ግን ሰው ፊት የሚዋሽ የመንደር አባት ይኖራቸዋል። ደግሞ እኮ አላወቅኩም እንዳልል ጣቴ ቀዳዳው ውስጥ ገብቷል። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

«ለምን? ምን ነክቶህ?»

«ፊቱን ብታየው» አለኝ። «በዕድሜዬ ሲሰጥ እንጂ ሲቀበል አላየሁትም። ደሞ ያ ሞራ ሲያምር ጊዜ፣ ምናልባት ለእኛም ይተርፍ ይሆናል ብዬ ተመኘሁ። ሰው ሲፈልግ እንዲህ ነው።»

ደንቆሮ ነህ አልኩት። ነኝ አለ። ጃርሶ በሕይወት እስካለ እንዳልናገር አስማለኝ፣ እኔም ምያለሁ።

ሎኮ ሰኔ ከመግባቱ በፊት መንደሩን ለቀቀች። ሞያሌ አክስቷ ጋ አርፋ የሰው ልብስ አጥባ ልጆቿን ልታበላ ነው። ሚኒባሱ የሚቆመው ወፍጮ ቤቴ ፊት ለፊት ነው። ልጆቹን ዕቃው ላይ አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች። ጎሊቻ ልሰናበታት ብሎ ተነሳ፤ አልተጠጋችም። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ከዚያ እሄዳለሁ።»

«ጠይቂ።»

«ያ ወጠጤ በደጃቸው አልተወለደም። ከመኪና ሲወርድ አይቼዋለሁ፣ የጃርሶ ሚስት ነች ገመዱን የያዘችው። የዚያን ቀን ጭንቅላቱን ሳይ ለይቼዋለሁ። እርስዎ አያውቁም ነበር ብዬ ስንት ጊዜ ለራሴ ነገርኩት። ያውቁ ነበር?»

አላወቅኩም በል ብዬ በልቤ ለመንኩት። አላወቅኩም ቢላት ጃርሶን ትረግማለች፣ አማቷን ታቅፋ ታለቅሳለች፣ ምናልባትም ዕቃዋን ታወርዳለች። እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ባትፈልግማ ሳትጠይቅ በሄደች። እኔ እንኳ በእሱ ፈንታ ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ ጎሊቻ።

ምራት እዚህ አገር የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ሲያጋጥማት በሌላ ቃል አዙራ ታልፋለች፤ ሎኮ ከተዳረች ጀምሮ የጎሊቻ ስም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«ጎሊቻ» አለችው። «ጃርሶ ሰው ፊት እንዳያፍር አዘንክለት። አሁን እኔ የማላውቀው ሰው ደጅ ቆሜ የሚታጠብ ልብስ አላችሁ ወይ ስል፣ ለኔ ማን ይዘንልኝ?»

ወጥታ ልጆቿን አንድ በአንድ አሳፈረች፣ ዕቃዋን ጣሪያው ላይ አስጫነች፣ ተሳፈረች። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ድረስ ቆየ፤ ልጆቹ በመስኮት እጃቸውን ሲያውለበልቡ እሷ ወደፊት ነበር የምታየው። ጎሊቻ በሩ ላይ ቆሞ ለልጆቹ እጁን አነሳ። ጋቢው ከትከሻው ወርዷል፣ አላነሳውም።

ተመልሶ ግድግዳው ጋ ተቀመጠ። «ስሜን ጠራችው» አለኝ። ላጽናናው ፈለግኩ፤ ግን ትክክል ናት አልኩት። ትክክል ናት አለ። ከዚያ ገበያተኛ መጣና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰዎች እየገቡ እየወጡ አያዩትም፤ የሚጠይቀውም የለም። ወፍጮውን ዘግቼ ስወጣ እዚያው ነበር። ትንሽ ዱቄት ስጠኝ አለኝ፣ በላስቲክ ቋጥሬ ሰጠሁት። ጥቂት ሄደና ተመለሰ።

«አማች» አለኝ፣ «ገንፎ ሲሠራ ዱቄቱ የሚጨመረው ውሃው ከመፍላቱ በፊት ነው ወይስ ከፈላ በኋላ?»

ከፈላ በኋላ ነው አልኩት።